ደብዳቤ ለልጄ፦ የዝናብ ጃኬት ስትገዢ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «የትኛውን ልግዛ?» ብለሽ የላክሽውን የሁለቱን ጃኬት ፎቶ አይቼዋለሁ። በስልክ ልመልስልሽ ብጀምር እናትሽ መሀል ገብታ «ወፍራሙን ግዢ!» ብላ ወሬውን ጨረሰችው። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል።

መልሴን ላስቀድም። ጥቁሩን ተይው። ቀጭኑን ብርቱካናማ ግዢ።

ጥቁሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ኮፍያ አለው፣ ኪስ አለው፣ ገበር አለው። ክፍልም ትገቢበታለሽ፣ ከጓደኞችሽ ጋርም ትወጪበታለሽ። ግን የእግረኛ ጃኬት ነው። አንቺ አሁን የብስክሌት ክለብ ገብተሻል። ቅዳሜ ጠዋት ግላስጎው አጠገብ ካለችው ሌኖክስታውን ተነስታችሁ ክሮው ሮድ የሚባለውን ዳገት ሽቅብ ስትወጡ፣ ግማሽ መንገድ ሳትደርሱ በላብ ትጠመቂያለሽ። ከውጭ ዝናብ፣ ከውስጥ ላብ። ያኔ ያ ሁሉ ገበር ሸክም ነው የሚሆንብሽ።

አንድ ነገር ቁርጡን ልንገርሽ። ዝናብ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ብስክሌት እየነዱ ደርቆ የሚገባ ሰው የለም። ስንት መቶ ፓውንድ ቢከፈልበትም የለም። ሰውነትሽ ከሚያቃጥለው ኃይል ፔዳሉ ላይ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ቢሆን ነው። ሌላው ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ ሙቀቱን ለማብረድም ያልብሻል። ዝናብ የማያስገባ ጨርቅ ደግሞ ላቡንም በከፊል ማፈኑ አይቀርም። ርካሹን ከገዛሽ ላስቲክ ለብሶ እንደመሮጥ ነው። ውዱ ይሻላል እንጂ ተአምር አይሠራም። ስለዚህ ስትመርጪ «ያደርቀኛል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። «እርጥብ ሆኜም ቢሆን ሙቀቴን ይጠብቅልኛል ወይ?» በይ።

አዲስ አበባና ግላስጎው በዓመት የሚያገኙት ዝናብ ብዙም እንደማይራራቅ ታውቂያለሽ? ሁለቱም 1,100 ሚሊሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው። የኛው ግማሽ ያህሉ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይከመራል። ዶፍ ሆኖ ይወርዳል፣ አንድ ቆርቆሮ ስር ትጠለያለሽ፣ ያባራል፣ ትሄጃለሽ። የግላስጎው ግን ዓመቱን ሙሉ ተከፋፍሎ ይመጣል። ካፊያ ይሆናል፣ ይጠነክራል፣ ይቀላል፣ ግን አይሄድም። ተጠልለሽ የምታሳልፊው ዝናብ አይደለም። እየነዳሽበት ነው የምትውዪው። ለዚህ ነው ጃኬትሽ ተጣጥፎ ማልያሽ የጀርባ ኪስ ውስጥ የሚገባ መሆን ያለበት። ሽቅብ ስትወጪ አውልቀሽ ወይም ዚፑን ከፍተሽ፣ ቁልቁል ከመጀመርሽ በፊት ትለብሺዋለሽ።

ቁልቁለቱን አደራ። የብስክሌት ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያወሩት አንድ ቀን አለ። በፈረንጆቹ ጁን 5፣ 1988 በጣሊያን ዙር ውድድር ጋቪያ በሚባለው ተራራ ላይ በረዶ ጣለ። ተራራው 2,621 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ከፍ፣ ከእንጦጦ ጫፍ ዝቅ ያለ። ዮሃን ፋን ደር ፌልደ የሚባል ሆላንዳዊ ጫፉን ቀድሞ ወጣ፣ ያውም በአጭር እጅጌ ማልያ! ሽቅብ ሲወጣ ሰውነቱ እየሠራ ስለነበር ብርዱን ችሎታል። ቁልቁለቱን ሲጀምር ግን እግሩ መሥራት አቆመ፣ ነፋሱ ጨመረ፣ የረጠበው ልብስ ሙቀቱን መጠጠው። ለመሞቅ መንገድ ላይ ቆመ፤ መጨረሻው ላይ የደረሰው ከ40 ደቂቃ በላይ ተቀድሞ ነው። አንዲ ሃምፕስተን የሚባለው አሜሪካዊ የነበረበት ቡድን በበኩሉ የቀኑን አየር አስቀድሞ ሰምቶ ነበርና ጠዋት የበረዶ ስፖርት ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ ሙቅ ልብስ ገዝቶ ጠበቀ። ሃምፕስተን የዚያን ቀን የመሪነቱን ሮዝ ማልያ ለበሰ፣ በመጨረሻም ውድድሩን አሸነፈ። እርግጥ ጎበዝ ነበር። ግን ጃኬትም ነበረው።

ከክሮው ሮድ ወደ ፊንትሪ የምትወርጂው መንገድ ጋቪያ አይደለም። ሆኖም ውሃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን ወደ 25 እጥፍ በፍጥነት ከሰውነት ይወስዳል። ጣትሽ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ሲያቅትሽ የተራራው ከፍታ ምንም ለውጥ የለውም።

አሁን ወደ ጨርቁ። መለያ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥር ታያለሽ። አንደኛው በሚሊሜትር ነው፤ 10,000 ወይም 20,000 ይላል። ጨርቁ ውሃ ሳያስገባ የስንት ሚሊሜትር የውሃ ዓምድ ክብደት እንደሚችል ነው። 10,000 ማለት አሥር ሜትር ውሃ ተሸከመ ማለት ነው። ለዝናብ ብቻ ከሆነ ለኔ ይበቃኛል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ቦርሳ ትከሻ ላይ ሲጫን ነው፣ ማንጠልጠያው ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። ሁለተኛው ቁጥር በግራም ነው፤ በ24 ሰዓት በአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም እንፋሎት ያልፋል የሚለውን ያሳያል። ይሄኛውን ነው ከፍ ያለ የምትፈልጊው። ይህም ቢሆን የላቦራቶሪ ቁጥር ነው። እንፋሎት የሚወጣው ውስጡ ከውጭው ይልቅ እርጥበት ሲበዛበት ነው፤ አየሩ ራሱ በውሃ በጠገበበት ቀን ይዘገያል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ዚፑን አምናለሁ። በጓንት፣ በአንድ እጅ፣ እየነዳሽ እስከ ደረትሽ የምትከፍቺው ዚፕ ካለው ግማሹ ችግር ተፈታ።

ጨርቁ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ታሪክ አለው። ቦብ ጎር የሚባል አሜሪካዊ በ1969 መጥበሻ እንዳይዝ የሚቀባውን ቴፍሎን አግሎ በአንድ ጊዜ ቢስበው፣ እልፍ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ሆኖ ተለጠጠ። ጠብታ አያስገባም፣ እንፋሎት ግን ያስወጣል። ጎር-ቴክስ የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። አሁን ግን ከዚሁ ቤተሰብ የሆኑት ኬሚካሎች አፈርና ውሃ ውስጥ ገብተው ስለማይጠፉ መንግሥታት እያገዷቸው ነው። ፈረንሳይ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ልብስ ላይ ከልክላለች። ኩባንያዎቹም ወደ ሌላ ዓይነት ሽፋን እየዞሩ ነው። ይህን የምነግርሽ ለወሬ አይደለም። ውጪው ላይ የሚቀባው ውሃ የሚያንከባልለው ነገርም ተቀይሯል። አዲሱ ውሃን በደንብ ይገፋል፣ ቅባትን ግን እንደ ድሮው አይችልም። የሰንሰለት ግራሶና የሰውነት ወዝ ቶሎ ያበላሹታል።

ስለዚህ እጠቢው። «የዝናብ ጃኬት ሲታጠብ ይበላሻል» የሚሉሽን አትስሚ፤ የሚበላሸው ሳይታጠብ ሲቀር ነው። ለዚህ በተሠራው ሳሙና፣ መለያው ላይ በተጻፈው ሙቀት። ልብስ ማለስለሻ የሚባለውን ግን አታስጠጊው። መለያው ከፈቀደ በማድረቂያ ለብ ባለ ሙቀት አዙሪው፣ ቅቡን ያነቃዋል። ውሃ ጠብ ስታደርጊበት ጠብታው ድብልብል ብሎ ከተንሸራተተ ደህና ነው። ጨርቁ ጠቁሮ ውሃውን ከጠጣ መልሶ የሚቀባ አለ፣ ግዢና ቀቢው። ያኔ «ጃኬቱ ማስገባት ጀመረ» ይመስልሻል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያረጠበሽ መውጫ ያጣው የራስሽ ላብ ነው።

ልኩን በተመለከተ፣ ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ከለካሽው ታዝኚያለሽ። ከፊት አጭር፣ ከኋላ ረጅም፣ ክንዱ የረዘመ ይመስላል። ደግ ነው! የተሠራው መሪውን ይዞ ለጎነበሰ ሰው ነው። ጎንበስ በይ፣ እጅሽን ወደፊት ዘርጊ። ወገብሽ ካልተገለጠ፣ እጅጌው ከጓንትሽ ካልራቀ፣ ሆድሽ ላይ ካልተኮማተረ ያንቺ ነው። ሰፊ አትግዢ። በነፋስ ይነፋል፣ ሌላው ቢቀር ቁልቁለት ላይ የሚያርገበግበው ድምፅ ራሱ ያሰለቻል። ገልብጠሽ ስፌቱን እዪው፤ ከውስጥ በቴፕ ያልታሸገ ስፌት ውሃ ያስገባል።

ኮፍያ ደግሞ ለብስክሌት አልወድም። ከሄልሜት በላይ ሲሆን ነፋስ ይይዘዋል፤ ከሥር ሲሆን ዞር ብለሽ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ስታዪ ዓይንሽን ይጋርዳል። ጠባብ አንገትና ከሄልሜት ሥር ስስ ቆብ ይበቃል።

ቀለሙስ? ግላስጎው በዲሴምበር በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ጥቁር ጃኬት፣ እርጥብ አስፋልት፣ መስታወቱን ዝናብ የሸፈነበት ሾፌር። ሌላ ማለት አያስፈልገኝም። አንጸባራቂው መስመር ጀርባውና ክንዱ ላይ መኖሩን እዪ። የጃኬቱ ጅራት ደግሞ ከመቀመጫው ሥር ያሰርሽውን ቀይ መብራት እንዳይሸፍነው።

ከሥር ጥጥ አትልበሺ። ስስ የሱፍ ወይም የስፖርት ካናቴራ ልበሺ። ጥጥ ውሃ ይዞ ይቀራል።

ከጃኬቱም በፊት ግን ፓራፋንጎ ግዢ። የሚያረጥብሽ ከሰማይ የሚወርደው ብቻ አይደለም፤ ጎማሽ ከመንገዱ አንስቶ መቀመጫሽ ላይ የሚረጨው ቀላል አይደለም፣ ያውም ከጭቃ ጋር። ብዙ ክለብም በብርዱ ወራት ያለ ፓራፋንጎ ስትመጪ ፊቱን ያጠቁርብሻል፣ ከኋላሽ ያለው ሰው አፉ ውስጥ ነው የሚገባውና።

ገንዘቡን ዛሬ አስገባልሻለሁ፤ የፓራፋንጎውንም ጨምሬበታለሁ። በኢንተርኔት ከገዛሽ ዕቃው ከደረሰሽ ቀን አንስቶ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን የመሰረዝ መብት በሕግ አለሽ። ስለዚህ መለያውን ሳትቆርጪ፣ ማልያሽን ለብሰሽ፣ ቤት ውስጥ ብስክሌትሽ ላይ ተቀምጠሽ ሞክሪው። ክንዱ ላይ ካጠረሽ ሳትለማመጪ መልሺውና አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን እዘዢ።

አባትሽ