ሕመሙና ተሰጥኦው ተለይተው ይታዩ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

በጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ሰው ልጅ አእምሮና ስለ ፈጠራ ችሎታ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። የአሜሪካዊቷን የአእምሮ ሐኪም የዶክተር ናንሲ አንድሪያሰንን ሥራ ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከጥናታቸው አንድ ቁጥር ብቻ መዝዞ ታላቅ ጥበብ ያለ አእምሮ ሕመም አይወለድም ወደሚል ድምዳሜ መሄዱ ሐኪሟ ከደረሱበት ጋር የማይገጥም ከመሆኑም በላይ፣ በእኛ አካባቢ ሰው ሊጎዳ የሚችል ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ዶክተር አንድሪያሰን ወደ ሕክምና የመጡት ከሥነ ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የዶክትሬት ዲግሪ ይዘው ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ፣ በወሊድ ማግሥት የያዛቸው ከባድ ኢንፌክሽን ለሞት አቅርቧቸው ሲድኑ ነው ሐኪም ለመሆን የቆረጡት። በአይዋ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ስመ ጥር የደራስያን ማሠልጠኛ ያለፉ 30 ደራስያንን በሌላ ሙያ ከተሠማሩ 30 ሰዎች ጋር አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1987 አሳተሙ። ከደራስያኑ 80 በመቶው፣ ከሌሎቹ ደግሞ 30 በመቶው በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ድባቴን ወይም ባይፖላርን (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚንርበት፣ አንዴ ደግሞ በድባቴ የሚወድቅበት ሕመም) የመሰለ የስሜት መታወክ ደርሶባቸው ነበር። ጽሑፋችሁ የጠቀሰው ይህንኑ ነው። ያልጠቀሰው ግን ይበልጣል፤ ተጠያቂዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ደራስያኑ ከአንድ ቦታ የተገኙ ነበሩ፤ ቃለ መጠይቁን ያደረጉትም ደራሲው ማን እንደሆነ አስቀድመው የሚያውቁት ሐኪሟ ራሳቸው በመሆናቸው፣ አልበርት ሮተንበርግን የመሰሉ የሙያ ባልደረቦቻቸው ጥናቱን በብርቱ ተችተውታል። ከሁሉም የሚልቀው ደግሞ ደራስያኑ የጻፉት ሕመሙ በበረታባቸው ጊዜ ሳይሆን ጤና ሲሰማቸው መሆኑን ዶክተር አንድሪያሰን ራሳቸው መመስከራቸው ነው። በድባቴ የተያዘ ሰው ብዕር ለማንሣት አቅም አይኖረውም፤ ስሜቱ ከልክ በላይ የናረ ሰውም ሐሳቡን ሰብስቦ ከዳር ማድረስ አይችልም።

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ጥበብን ይገድላል ወይ ለሚለው ጥያቄም መልስ የሚሆን ሥራ አለ። የዴንማርኩ የአእምሮ ሐኪም ሞጌንስ ሹ ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊቲየም የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ 24 የጥበብ ሰዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ 12ቱ ሥራችን ጨመረ፣ 6ቱ አልተለወጠም፣ 6ቱ ደግሞ ቀነሰ ብለዋል። የስድስቱን ቅሬታ መደበቅ አይገባም፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መጠኑን ማስተካከል የሚያስፈልገውም ለእነርሱ ነው። መድኃኒት ጥበብን ይገድላል የሚለው ጥቅል ፍርድ ግን ከዚህ ጥናት አይወጣም።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚሁ ባሕር ዳር የጣናን ታንኳና የደሴቶቹን ገዳማት በሸራ ላይ እየሣለ የሚተዳደር አንድ የጎረቤቴ ልጅ አለ። ባይፖላር እንዳለበት ተነግሮት መድኃኒት ከጀመረ በኋላ፣ እጅህን ያደርቀዋል የሚል ወሬ ሰምቶ በገዛ ፈቃዱ አቆመው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ሲሠራ ለሚያየው ሰው ተሰጥኦው የተፈታ ይመስል ነበር። ቤቱ ስገባ ግን ሸራዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ የደንገሉ እስር ተሥሎ ቀዛፊው የለም፤ ሌላው ላይ ሰማዩ ብቻ ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ተቀብቶ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል። ያለቀ አንድም አልነበረም። እናቱ ጠበል አስጠመቁት፤ ሕክምናውንም አላስተዉትም፤ ሁለቱ እንደማይጣሉ የተረዱ ብልህ ሴት ናቸው። ዛሬ መድኃኒቱን እየወሰደ ይሥላል። ጠዋት ጠዋት እጄ ይከብደኛል ይላል፤ የጀመረውን ግን ይጨርሳል።

ደግሞም ይህ እምነት ከውጭ ብቻ የመጣ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን አእምሮ ይከፍታል እየተባለ ሲወሳ የኖረው አብሾ ከአስተናግር ተክል የሚዘጋጅ ነው። ስንቱ ተማሪ በእርሱ ምክንያት ከጉባኤ ቤት ወጥቶ እንደቀረ ሽማግሌዎች በሐዘን ያወሩታል። ተክሉ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዞች አሉበት፤ ስኮፖላሚን ደግሞ ተመራማሪዎች የመርሳት ችግርን ለማጥናት ሲሉ ጤነኛ ሰው ለጊዜው እንዲረሳ ለማድረግ የሚጠቀሙበት ንጥረ ነገር ነው። ለማስታወስ ተብሎ የሚጠጣው ነገር ማስታወስን የሚያውክ ነው ማለት ነው።

የጎጃም ቅኔ በእርግጥ የሚወለድበትን መንገድ ለማየት የሚፈልግ ሰው ተማሪው ለቆጠራ፣ ማለትም ቅኔውን በልቡ ለማዘጋጀት፣ ሲወጣ ይመልከተው። ከጓደኞቹ ተነጥሎ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ለምዱን እስከ ግንባሩ ይከናነባል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ጉባኤ ቃናም ይሁን መወድስ፣ ቤቱን፣ ዜማውን፣ ሰምና ወርቁን ለረዥም ሰዓት በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ከዚያ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል፤ ያልሰመረለት ተመልሶ ይቆጥራል። ዶክተር አንድሪያሰንም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት የአንጎል ምስል ጥናት፣ ሰው ዐርፎ ሐሳቡን እንደመጣለት በሚለቅበት ጊዜ ሐሳብን ከሐሳብ የሚያገናኙት የአንጎል ክፍሎች በብርቱ ሲሠሩ አግኝተዋል። የቅኔ ተማሪው ጥሞና ከዚህ ጋር አንድ ነው አልልም፤ እርሱ የሚያስበው በሥርዓትና በሕግ ነውና። ነገር ግን ስለ ፈጠራ የሚጽፍ ሰው ከሕመሙ ይልቅ በዚህ ላይ ቢቆይ አንባቢን ይጠቅማል እላለሁ፤ ለዚህም ስመ ጥሮቹ የጎጃም የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ ቅርባችን ናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ የጥናቱ ጉድለትና የዶክተር ሹ ውጤት እንዲወጣ፣ መድኃኒቱን ለማቆም የሚያስብ አንባቢም ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር እንዳያቆም የሚያሳስብ አንድ መስመር እንዲታከልበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስለ አብሾም በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ከሚሰጡ ባለሙያዎችና ከአንድ የቅኔ መምህር ጋር ቃለ መጠይቅ ብታደርጉ፣ መምህራኑን በማፈላለግ ለመርዳት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ከባሕር ዳር