ለ60 ኸርዝ የተሠራ ዳይናሞ ተገጥሞ ስለተሸጠልን የብሎኬት ማሽን

ቀን፦ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ማሽኑን ለሸጠልን ድርጅት የሽያጭ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። በብሎኬት ሥራ የተደራጀን አምስት ልጆች ነን። ባለፈው ጥር ከእናንተ ሦስት ብሎኬት በአንዴ የሚጥል፣ በጎማ እየተገፋ የሚሄድ ማሽን ከነሚክሰሩ ገዝተናል። ከዋጋው ግማሹ ብድር ነው። ስድስት ጊዜ ደውለንላችኋል። ባለሙያችሁም አንድ ቀን መጥቶ አይቶ ተመልሷል። አሁን የምንጽፈው ነገሩ በስልክ ወሬ እንዳይቀር ብለን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። የሽያጭ ሠራተኛችሁ "በደቂቃ ሦስት ብሎኬት፣ በስምንት ሰዓት 1,440" ብሎ በካልኩሌተር አሳይቶናል። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ሠራተኛው ውሃ ካልጠጣ። አንድ ባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት ወደ 18 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 1,440 ብሎኬት ማለት በቀን 26 ቶን ገደማ ቁስ በአካፋ ማንሳት ነው። አብራችሁ የሸጣችሁልን ሚክሰር የዚህን ግማሽ እንኳ አያቀርብም። ይህን ሳናሰላ መግዛታችን የራሳችን ሞኝነት ነው፣ በዚህ አንወቅሳችሁም። ደህና ብሎኬት እስከሆነ ድረስ 700 በቂያችን ነበር።

ችግሩ ብሎኬቱ ደህና አለመሆኑ ነው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንዲት እናት ለአጥር 300 ብሎኬት አዘዙና ቀብድ ከፈሉ። ጋሪ ላይ ስንጭን አንዱ ልጃችን ብሎኬቱን ከላይ በሁለት እጁ ይዞ ሲያነሳ ጠርዙ እጁ ላይ ቀረ። የተረፈው ወድቆ ለሁለት ተከፈለ። እማማ ጎንበስ ብለው ፍርፋሪውን አነሱና በጣታቸው አሹት። "ልጄ፣ ይሄ ብሎኬት ነው ድርቆሽ?" አሉን። ቀብዳቸውን መለስንላቸው። ግንበኞችም ቢሆኑ ከእኛ መውሰድ አቁመዋል። ቁመቱን በሜትር ሲለኩት አንዱ 20 ሳንቲም፣ ሌላው 21 ይሆንባቸዋል። በዚህ እንዴት መስመር ይጠበቃል?

ባለሙያችሁ ሲመጣ መጀመሪያ ያለው "ውርጭ በልቶት ነው" ነበር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዷን ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። እውነት ነው፣ በጥር ሳንሸፍነው ያደረ አንድ ረድፍ ውርጭ ገድሎብናል። ጠዋት ላዩ እንደ ዱቄት በእጅ ይጠረግ ነበር። ስሚንቶው ሳይዝ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ስለሚያብጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጭድ፣ ከጭዱ ላይ ሸራ እናለብሳለን። የእማማ ብሎኬት ግን በሚያዝያ የተመረተ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ ጠጥቷል። በሚያዝያ ያን ያህል የሚገድል ውርጭ ከየት ይመጣል?

ቀጥሎ "ውሃ ታበዛላችሁ" አለን። ቁሱን ጨብጦ ሞከረው። ቅርጹን ይዞ ቀረ፣ መዳፉንም አላረጠበውም። "ይሄስ ጥሩ ነው" አለ ራሱ። ከዚያ "ስሚንቶ ጨምሩ" ብሎን ምሳውን በልቶ ሄደ። ጨመርን። ከአንድ ኩንታል ስሚንቶ 45 ብሎኬት እናወጣ የነበርነው 36 ላይ ወረድን። ትርፋችን እዚያው ሚክሰር ውስጥ ተቦክቶ ቀረ።

ግንቦት 20 ቀን ዳይናሞው፣ ማለትም ማሽኑን የሚያነዝረው ሞተር፣ ተቃጠለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ በጣም ይግል ነበር፣ እኛም ሻይ እናፍላበት እያልን እንቀልድ ነበር። የዳይናሞ ሽቦ ጠምዛዥ ጋ ወሰድነው። ሰውየው ከመፍታቱ በፊት ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ቆርቆሮ በጨርቅ ጠረገና አነበበ። "ይሄ የእኛን አገር መብራት አያውቅም" አለን። ቆርቆሮዋ 380 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ በደቂቃ 3,450 ዙር ትላለች። ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው። እዚህ ሲሠራ ዙሩ 2,900 እንኳ አይሞላም።

ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ ግን አይደለም። የንዝረት ጉልበት ከዙሩ ጋር እኩል አይወርድም፣ በካሬ ነው የሚወርደው። ዙሩ ከስድስት አንድ እጅ ሲቀንስ ጉልበቱ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ቁሱ ፎርማው ውስጥ በደንብ አይጠቀጠቅም። ከላይ የሚጫነውም ብረት እስከ ማቆሚያው አይወርድም። 21 ሳንቲም የሚሆነው ብሎኬት ከዚህ የመጣ ነው። ለ60 የተጠመዘዘ ዳይናሞ በዚያው ቮልት 50 ላይ ሲሠራ ደግሞ ከልክ በላይ ይሞቃል። የተቃጠለውም ለዚህ ነው። በስልክ "ኦፕሬተራችሁ ነው ያቃጠለው" ያላችሁትን ልጅ ይቅርታ ልትጠይቁት ይገባል።

ጠምዛዡ አሮጌ ባለ 50 ዳይናሞ አዋሰን። ዙሩን ለመመለስ ዳይናሞው ላይ የነበረውን 10 ሳንቲም ፑሊ (ቺንጋ የሚዞርበትን ክብ ብረት) በ12 ቀየርነው። ሁለት ቀን ሠራን። የማሽኑ ድምፅ ራሱ ሌላ ሆነ። የሚጫነው ብረት ማቆሚያውን "ጠቅ" ሲያደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ያን ቀን ነው። ስሚንቶውን ከኩንታል 45 ብሎኬት ወደሚወጣበት መልሰን ያመረትነውን ብሎኬት ከሳምንት በኋላ ከጉልበት ከፍታ ለቀቅነው። ጫፉ ብቻ ተቆረሰ። አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ልጆቹ፣ አየሩ ያው የድሮው ነው።

ማሽኑን መልሱልን አንልም። ብረቱ ወፍራም ነው፣ ብየዳውም ደህና ነው። የምንለው ባለ 50 ኸርዝ አዲስ ዳይናሞ ከሚመጥነው ፑሊ ጋር መጥታችሁ ግጠሙልን ነው። ለጠምዛዥ የከፈልነውና የተሰባበሩት 640 ብሎኬቶች የቁስ ዋጋም ይተካልን። ደረሰኞቹና የቆርቆሮዋ ፎቶ ተያይዘዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ፍርድ ቤት መመላለሱ ግን ለእኛም ለእናንተም አይበጅም። በ15 የሥራ ቀን ውስጥ መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ባለፈው ሳምንት ከሸዋ ሮቢት ሁለት ልጆች ይህንኑ ማሽን ሊገዙ አስበው ሊያዩት መጥተው ነበር። ክፉም ደግም አልነገርናቸውም። ቆርቆሮዋን ብቻ አሳይተን፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡ አልናቸው።

ከሰላምታ ጋር
የማህበሩ ጸሐፊ፣ በአምስቱም አባላት ስም