ፋጉሎ የሚጥል ጎንደሬ አሳዩኝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። አንባቢዎቻችሁም አንብበውታል፣ ፎቶውንም አይተውታል፤ ስለዚህ አልደግመውም። አስተዳደርን፣ ምሕንድስናንና የዘላቂነት ጥናትን አንድ ላይ አድርጎ ስለሚያስተምረው የትምህርት ክፍል የተጻፈውን ማለቴ ነው። እስከ አራተኛው አንቀጽ ድረስ ጥሩ ነበር። ሻይ ይዤ ነው ያነበብኩት። አራተኛው አንቀጽ ላይ ሻዩ ትን አለኝ።

እዚያ ላይ ተማሪዎቹ በአንድ የጎንደር ዘይት መጭመቂያ ቤት ባካሄዱት ጥናት «ቀደም ሲል ይጣል የነበረው ተረፈ ምርት ለከብት መኖነት እንዲውል ተደርጓል» ይላል።

ዘይት ቤቱ የእኔ ነው። ተረፈ ምርት የተባለው ደግሞ ፋጉሎ ነው፤ ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው የከብት መኖ።

ፋጉሎ ይጣል ነበር? ማነው የጣለው? የት? መቼ? እኔ 22 ዓመት ኑግ ስጨምቅ አንድ ኪሎ ፋጉሎ ጥዬ አላውቅም። ወለል ላይ የፈሰሰውን እንኳ ጠርገን ለጎረቤት ዶሮ ነው የምንሰጠው። ለጎንደሬ ፋጉሎ ይጣል ነበር ብሎ መንገር፣ በግ አርደን ሥጋውን ደፍተን ቆዳውን በላን እንደማለት ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ከአንድ ኩንታል ኑግ በእኔ ማሽን 30 ኪሎ ግድም ዘይት ይወጣል። ኑጉ ጥሩ ከሆነ ትንሽ ይጨምራል፤ አፈር ከተቀላቀለበት ይቀንሳል። ከ60 ኪሎ በላይ የሚሆነው ፋጉሎ ሆኖ ይወጣል። የቀረው እርጥበትና ቆሻሻ ነው። እንግዲህ በእናንተ ዘገባ መሠረት እኔ በየቀኑ ከምገዛው ኑግ ከግማሽ የሚበልጠውን ብር ቆጥሬ ገዝቼ፣ አስወርጄ፣ ጨምቄ፣ መብራት ከፍዬበት፣ እንደገና አሸክሜ ወስጄ እደፋው ነበር ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ነጋዴ ካለ የሚያስፈልገው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ጠበል ነው።

ሌላም ልንገራችሁ፣ ይህን የዘይት ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዘይቱ የኑጉን ዋጋ ከመለሰ እሰይ ነው። ትርፉ ያለው ፋጉሎው ላይ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው። ከግድግዳው ጥግ እስከ መስኮቱ የተከመረ ጆንያ ይታያል። ከሥሩ «ለዓመታት ሲባክን የቆየው ተረፈ ምርት» ብላችኋል። ፎቶው የተነሣው መቼ እንደሆነ የጠየቀ አለ? በሁዳዴ ነው። ጎንደር ውስጥ ሁዳዴ ሲገባ ከተማው በሙሉ ዘይት ፈላጊ ይሆናል። ያኔ መብራት ካልጠፋ ማሽኔ ከንጋት እስከ ማታ አያርፍም። ዘይት በወጣ ቁጥር ደግሞ ፋጉሎ ይወጣል፤ አንዱን ትቶ ሌላውን መጭመቅ አይቻልም። የላም ባለቤቶቹ ግን እጃቸው የሚያጥረው ልክ ያን ጊዜ ነው። ወተት ጠጪ የለማ! አዘዞ ያለው ደንበኛዬም፣ ጠዳ ያሉት እትዬም ወተቱን እየናጡ ቅቤውን ለፋሲካ ያቆያሉ እንጂ በየቀኑ የሚገባ ብር የላቸውም። ሦስት ጆንያ ይወስድ የነበረው አንድ ይወስዳል። በ55 ቀን ውስጥ ክምሩ ጣሪያ ሊነካ ይደርሳል። ፋሲካ ሲውል ነገሩ ይገለበጣል። ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ለፋጉሎው ሰልፍ ይያዛል።

ያ ክምር የተጣለ ዕቃ አይደለም። ፋሲካን የሚጠብቅ ዕቃ ነው። እንደ እኛው።

ጋዜጠኛው ይህን ሊያውቅ አይችልም ትሉ ይሆናል። ሊጠይቀኝ ግን ይችል ነበር። እዚያው በሩ ላይ ቆሜያለሁ እኮ። «አባት፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፣ ጥላ ሆኑብኝ» አለኝ። ዞር አልኩለት። አንሥቶ ሄደ።

ለነገሩ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ የገባኝ ይመስለኛል። ልጆቹ የሚማሩት ትምህርት የራሱ የዘር ሐረግ አለው። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቴይለር ሰዓት ይዞ ሠራተኛው ላይ ቆሞ፣ ይህ ሥራ ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብሎ ሲለካ ኖሮ ሐሳቡን በ1911 እ.ኤ.አ. አሳተመ። እኔ ቤትም ልጆቹ ሰዓት ይዘው ቆመው ነበር፤ ጫኝ አውራጁ ሊጣላቸው ምንም አልቀረው። ከቴይለር በኋላ ጃፓኖች መጡ። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ፋብሪካ ውስጥ የሚታየውን ብክነት በሰባት ከፈለው። ከሰባቱ አንዱ ተከማችቶ የሚጠብቅ ዕቃ ነው። ብክነትን በቋንቋቸው «ሙዳ» ይሉታል። አገራችን ይህንን የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ የሚያስተምር የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 እ.ኤ.አ. ካቋቋመች ወዲህ ሥልጠና የገባ ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። እኔም አንዴ ገብቻለሁ። አሠልጣኙ «ሙዳን ከቤታችሁ አስወግዱ!» ሲል አጠገቤ የተቀመጠው ባለ ሥጋ ቤት ወዳጄ ክው ብሎ ቀረ።

እንግዲህ የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። ከተማሪዎቹ አንዷ ክምሩን አይታ «ይህ ሙዳ ነው» አለች። በትምህርቷ ቋንቋ ልክ ናት፤ 55 ቀን የታሰረ ብር ነው፣ እኔም አልክድም። አስተማሪዋ ለጋዜጠኛው «ብክነት» ብለው ተረጎሙለት። ጋዜጠኛው ደግሞ ብክነትን ወስዶ «ይጣል የነበረ» አደረገው። ሦስት ሰው ዘንድ ስትደርስ የእኔ ሙዳ ሥጋ ቆሻሻ ሆና አረፈች።

የሚያናድደኝ ደግሞ ልጅቷ የሠራችው እውነተኛ ሥራ ዘገባው ውስጥ የለም። ጭራሽ የለም! ልጅቷ ክምሩን ካየች በኋላ ሄዳ ከታች ያለውን ጆንያ ፈታች። እጇን ከታ አወጣችና አሸተተችው። «ጋሼ፣ ይህ እርጥበት ይዞታል» አለችኝ። ጆንያው ሲሚንቶው ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አዲሱን ከላይ እንጭናለን፣ ገዢ ሲመጣም ከላይ እናነሣለታለን። የታችኛው ወር ከምናምን ይቆያል። እርጥበት የያዘ ፋጉሎ ይሻግታል። ከሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚሉት መርዝ የሚያመነጭ አለ። ላሟ ከበላችው መርዙ ወደ ወተቱ ያልፋል። አዲስ አበባና አካባቢዋ ላይ ወተት ተመርምሮ መርዙ እንደተገኘበትና ዋናው መምጫው የኑግ ፋጉሎ እንደነበረ ያጫወተችኝ እሷ ናት። እኔ ሻጋታ መጥፎ መሆኑን አውቃለሁ። ላም ፊቷን እንደምታዞርበትም አውቃለሁ። ልጆች የሚጠጡት ወተት ውስጥ እንደሚገባ ግን አላውቅም ነበር። እውነቱ ይህ ነው፣ አላፍርበትም።

አሮጌ ጣውላ ለቅመን መደርደሪያ ሠራን። ጆንያው ከወለሉ ከፍ አለ፣ ከግድግዳውም ክንድ ያህል ራቀ። ቀን በከሰል ጻፍንበት። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ብዙ ብር አልወጣበትም። ምሕንድስናውም አስተዳደሩም ዘላቂነቱም ያ ጣውላ ላይ ነበር፤ ጋዜጠኛው ተደግፎት ነው ፎቶ ያነሣው።

ስለ ሦስቱ ነገር መገጣጠም ዘገባችሁ ትልልቅ ቃል ደርድሯል። «ቅንጅታዊ»፣ «ሁለንተናዊ» ምናምን። ማሽኔ ጫፍ ላይ የፋጉሎውን መውጫ የምታጠብብ አንዲት ቀለበት አለች። ስታጠብቃት ዘይት ይጨምራል። ግን ሞተሩ ያቃስታል፣ የመብራት ቆጣሪው ይሮጣል፣ ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ብረት ቶሎ ይበላል። ስታላላት ብረቱ ያርፋል፣ ዘይቱ ግን ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። እንደኔ ባለ ማሽን ከፋጉሎው ከ6 እስከ 10 ከመቶው ዘይት ሊሆን ይችላል። የላም ባለቤት ያንን ይወዳል፤ በጣቱ ጨምቆ «ዛሬስ ወዝ አለው» ይላል። ስለዚህ ቀለበቷን ከመንካቴ በፊት ዘይት ስንት ገባ፣ መብራት ስንት ቆጠረ፣ ጠመዝማዛው መቼ ተቀየረ፣ ጠዳ ያሉት እትዬ ምን ይላሉ ብዬ አስባለሁ። እነዚህን ሁሉ በአንድ መፍቻ ነው የምወስነው። ለልጆቹ ይህን ሳሳያቸው አንደኛው ደብተሩን አውጥቶ ሁለት ገጽ ጻፈ። እኔ ያስተማርኩት እሱን ነው፣ እሱ ደግሞ ቁጥር አድርጎ መለሰልኝ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ፋጉሎው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይደርቃል፤ ከፍቶ ለመጥረግ በአማካይ 40 ደቂቃ እንደሚፈጅብኝ ለክቶ ነገረኝ። እኔ ሩብ ሰዓት ይመስለኝ ነበር። ሰው የራሱን ድካም አሳንሶ ነው የሚቆጥረው መሰለኝ።

የምንመላለስበትን መንገድ ወረቀት ላይ መስመር በመስመር ሥለው «ስፓጌቲ» አሉኝ። ባለቤቴ ለምሳ የጠየቁ መስሏት በሁዳዴ የሚሆን ስፓጌቲ ሠርታ አቀረበች። እንዲህ ነው የተኖረው።

ዘገባው ላይ ግን እኔ ማን ነኝ? «ተጠቃሚ»። «ግንዛቤ የተፈጠረላቸው የዘይት ቤት ባለቤት»። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ተናግረዋል፣ አንድ የሥራ ኃላፊ ተናግረዋል፣ ሌላ የሥራ ኃላፊ «በበኩላቸው» ተናግረዋል። ከዘይት ቤት ሰው አንድ ቃል የለም። ከላም ባለቤት አንድ ቃል የለም። ከጫኝ አውራጅማ እንዴት ይኖራል! ስድስት ሳምንት ሥራ እያቆምኩ ያስገባኋቸው፣ ስሌቴን ያሳየኋቸው፣ ደብተሬን የከፈትኩላቸው ሰው ግንዛቤ ተፈጥሮልኝ ቁጭ አልኩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል።

ይህ ሁሉ ለአንዲት ቃል ነው ወይ የሚል አይጠፋም። ቃሏ ያመጣችብኝን ስሙ። ጋዜጣው በወጣ በማግሥቱ አዘዞ ያለው ደንበኛዬ ስልኩን ይዞ መጣ። ፎቶውን አሳየኝ። «ለካ ስትጥለው የኖርከውን ነው በብር የምትሸጥልኝ?» አለ። ግማሽ ቀልዱን ነው፤ ግማሹ ግን ቁም ነገር ነበር፣ ዋጋ ቀንስ አለኝ። ሌላው ጆንያ ይዞ በነፃ ሊወስድ መጣ። ሦስት ቀን ቆይቶ ደግሞ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰው መጣና «ለዓመታት ሲጥሉት የነበረውን ተረፈ ምርት የት ነበር የሚደፉት?» ብሎ ጠየቀኝ። ወንዝ ነው? ገደል ነው? ፈቃድ ነበረው? ጋዜጣውን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዟል። አልደፋሁም ብለው ሊያምነኝ አልቻለም፤ ተጽፏላ! ሰሊጥ ከኑግ ተገኝተህ ተወቀጥ ማለት ይህ ነው።

ደግሞ ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ «ለከተማችን አዲስ ነው» ያላችኋት አለች። ይሁን። ብቻ ለጥምቀት ስትመጡ የፋሲል መዋኛን እዩልኝ። ውሃው ከቀሐ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ ነው በየዓመቱ የሚሞላው። ቦዩን የቀየሰ ሰው ነበር። መቼ ተጠልፎ መቼ ይሙላ ብሎ የሚያስብም ሰው አለ፤ አለበለዚያ ጥር 11 ባዶ ጉድጓድ ዙሪያ ነበር የምንቆመው። «ዘላቂ ልማት» የሚባለው ቃል በተባበሩት መንግሥታት የብሩንትላንድ ኮሚሽን ሪፖርት በዓለም የታወቀው በ1987 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ልጆቹ ነግረውኛል። ቃሉ ገና ልጅ ነው፤ የልጅ ልጄ ላይ እንዳላድርስ የሚለው ጭንቀት ግን እዚህ አገር ከቆየ ሰንብቷል።

በትምህርት ክፍሉ ላይ ቅሬታ የለኝም። በልጆቹ ላይማ በፍጹም። በሚቀጥለው ዓመትም ይምጡ፣ ጣውላው እየጠበቃቸው ነው። የምጠይቀው ከእናንተ ነው። «ይጣል የነበረው» የምትለዋን አውጧት። ፎቶው በወጣበት ገጽ፣ ፎቶው በወጣበት መጠን እርማት ጻፉ፤ የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ፣ ከቤት ኪራይ ማስታወቂያ ሥር አይሁን። ለሚመጣው የመሥሪያ ቤት ሰው የማሳየው ወረቀት ያስፈልገኛል።

እርማቱን በፎቶ ለማጀብ ካሰባችሁ ግን ዘግይታችኋል። ከፋሲካ ወዲህ ክምሩ አልቋል፤ የመጨረሻዎቹን አራት ጆንያዎች ትናንት ጠዳ ያሉት እትዬ በባጃጅ ጭነው ወሰዷቸው። በድሮው ዋጋ።

ከጎንደር፣ ባለ ዘይት ቤቱ