ለአባዬ፦ ከመቶው ኪሎ ሜትር በኋላ

ይድረስ ለውድ አባዬ፣

እንደምን አለህልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ግን ደረጃ የምወርደው ወደ ኋላ ዞሬ ነው። የግራ እግሬ አውራ ጣት ጥፍርም እንደ ከሰል ጠቁሯል። ነርሷ ጓደኛዬ አየችውና "ይወልቃል፣ አታስቢ" አለችኝ። እንዴት እንደማላስብ ግን አልነገረችኝም።

ያን ቀን ስደውልልህ "ጨረስን" ብቻ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በላይ ለማውራት አቅም አልነበረኝም። አሁን እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተቀምጫለሁ፤ ስለዚህ በደንብ ላውራህ።

መጀመሪያ ያን ጥያቄህን ልመልስ። ለእርዳታ ማሰባሰቢያው የእግር ጉዞ ልመዘገብ ነው ስልህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? "ሰው መርዳትና መራመድ ምን አገናኛቸው? ገንዘቡን ዝም ብላችሁ አትሰጡም?" ያኔ ተናደድኩ እንጂ መልስ አልነበረኝም። ደግሞም እውነትህን ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ለንጹሕ ውኃ ነው፤ እኛ መሬት ስለረገጥን ውኃ አይፈልቅም።

ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። ዝም ብዬ "እባካችሁ አዋጡ" ስል ሰው "እሺ፣ እናያለን" ብሎ ያልፈኛል። "100 ኪሎ ሜትር በእግሬ ልሄድ ነው" ስል ግን ይቆማል። "አብደሻል እንዴ?" ይለኛል። ቀጥሎ እጁ ወደ ኪሱ ይገባል። ለካ ይህን ያጠኑ ሰዎች አሉ። ኦሊቮላና ሻፊር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ገንዘብ የሚሰበሰብበት መንገድ ልፋትና ሕመም ያለበት ሲሆን የበለጠ ለመስጠት እንደሚነሳሳ አሳይተዋል። ዘና ብለው የሚበሉበት ዝግጅት ያን ያህል አይስበውም ማለት ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል። ግን ይሠራል።

የዚህ ዓይነቱ ጉዞ አጀማመር ደግሞ ያንተን ቀልብ የሚስብ ነው፤ የወታደር ወሬ ስለምትወድ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የነበሩ የጉርካ ወታደሮች፣ ማለትም በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ ኔፓላውያን፣ ለሥልጠናም ለእርዳታ ማሰባሰቢያም ብለው 100 ኪሎ ሜትር የተራራ መንገድ መጓዝ ጀመሩ። በ1986 ኦክስፋም የሚባለው የእርዳታ ድርጅት ገባበትና ለማንኛውም ሰው ተከፈተ። ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። ደንቡ ቀላል ነው፦ አራት ሰው፣ 100 ኪሎ ሜትር፣ 48 ሰዓት። የኛም በዚሁ ልክ የተሰፋ ነው። በየኬላው አራታችሁም አብራችሁ ደርሳችሁ ነው የምትመዘገቡት። አንድ ሰው ቀድሞ ቢደርስ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ምንም አያገኝም።

ስለ ልምምዱ ብዙ አልልህም። "መራመድም ይለመዳል እንዴ?" ብለህ ስቀህብኛልና። ይለመዳል አባዬ። አራት ወር ሙሉ ቅዳሜ ረጅም፣ እሁድ ደግሞ በደከመ እግር ሌላ ረጅም ሄድን። የተማርኩት ትልቁ ነገር ካልሲ ነው ብልህ ታምነኛለህ? እግር ሲያብጥ ጫማው ይጠባል፣ ላብ ሲጨመርበት ቆዳው ይለሰልሳል፣ ከዚያ ትንሽ መፈተግ ይበቃዋል፤ ውኃ ይቋጥራል። ስለዚህ ጫማው ሰፋ ያለ መሆን አለበት፣ ካልሲው ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ አንድ ቦታ ሞቅ ማለት ሲጀምር ደግሞ ወዲያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው። "እስከሚቀጥለው ኬላ ልቻለው" ያለ ሰው አለቀለት። እኔ ብዬ አውቃለሁ።

አራታችንን በድምፅ ታውቀናለህ። በስልክ ሳወራህ ከኋላዬ የሚጮኹት እነሱ ናቸው። አንዷ ነርሷ ናት። አንዱ ወሬኛው ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ሙሉ አፉ አልተዘጋም። ሦስተኛውን ግን ሰምተኸው አታውቅም፣ ዝምተኛ ነው። አካሄዱም ቀስ ያለ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት የመራመጃ ዱላ ይዞ ይመጣል። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "አያቴ መጡ" እለው ነበር።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሳን። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ጀግና ነው። እኔና ወሬኛው ከፊት እንፈተለካለን፣ ነርሷ መሐል፣ ዝምተኛው ከኋላ። ኩርባው ጋ ስንደርስ ቆመን እንጠብቀዋለን። ውኃ እንጠጣለን፣ እንቀመጣለን፣ ፎቶ እንነሳለን። እሱ ሲደርስ "በቃ፣ እንሂድ" እንላለን። ደግሞ እንነሳለን። እንዲህ እያልን 50 ኪሎ ሜትር ሄድን። በጣም ደጎች ነን ብዬ አስብ ነበር፤ እየጠበቅነው ነው እኮ።

ሌሊቱ ሌላ ነገር ነው። ግንባር ላይ የሚታሰረው መብራት የሚያሳይህ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ሰውነት እንቅልፍ አምጡ እያለ ይለምናል። አንድ ጉቶ አይቼ "ጤና ይስጥልኝ" ብያለሁ። በእውነት ሰው ተቀምጦ መስሎኝ ነው። ወሬኛው ይህን እስካሁን ያወራዋል፣ ላንተም ሳይነግርህ አይቀርም።

70ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ረጅም ቁልቁለት ነበር። እዚያ ላይ ቀኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ዳገቱን እወጣለሁ፣ ሜዳውንም እሄዳለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ሚስማር ነው። ሦስቱ ቀደሙኝ። ኩርባው ጋ ቆመው ጠበቁኝ። እያነከስኩ ደረስኩ። ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ ወሬኛው "በቃ፣ እንሂድ" አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። የሚጠብቁት ሰዎች ያርፋሉ። የሚጠበቀው ሰው ግን አያርፍም። እሱ ሲደርስ የእነሱ ዕረፍት ያልቃል፣ የእሱ ግን ገና አልጀመረም። ከሁሉ የደከመው ሰው ከሁሉ ያነሰ ያርፋል ማለት ነው። ዝምተኛው ይህን 50 ኪሎ ሜትር ሙሉ ችሎት ምንም አላለም።

አባዬ፣ ወዲያው የመጣኸው አንተ ነህ። ባለፈው ስመጣ ለሐኪም ቀጠሮህ አብረን ስንሄድ አስበኝ። እኔ እቀድማለሁ፣ ጥግ ላይ ቆሜ ስልኬን አያለሁ፣ አንተ ስትደርስ "ደረስክ? እንሂድ" እልሃለሁ። አራት ጊዜ ነው አምስት ጊዜ እንዲህ አድርጌሃለሁ። አንተም ምንም አላልክም። ልጅ ሳለሁ አንተ አንድ ስትራመድ እኔ ሦስት ጊዜ እሮጥ ነበር፤ ግን ቆመህ ጠብቀኸኝ ስደርስ ጥለኸኝ የሄድክበት ቀን ትዝ አይለኝም። ታነሳኝ ነበር።

ዝምተኛው ጓደኛዬ አላነሳኝም፣ ክብደቴን ታውቀዋለህ። ግን "ቁጭ በይ" አለኝ። ሌሎቹንም አስቀመጣቸው። ከዚያ ሁለቱን ዱላዎች ሰጠኝ። "አያቴ" አላለኝም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ እኔ ከፊት ሆንኩ፣ ሦስቱ ከኋላዬ። እኔ ስቆም ይቆማሉ፣ እኔ ስነሳ ይነሳሉ። በ28 ሰዓት እንጨርሳለን ብለን ነበር። በ31 ሰዓት ገባን፣ በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ አራታችንም አብረን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እንዳትቆጣ።

አንዱ ኬላ ላይ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። ጉልበቴን ስታየው ስላንተም ጠየቅኳት። በአንድ ዱላ ብቻ የሚሄድ ሰው ዱላውን የሚይዘው በታመመው ጉልበት በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው አለችኝ። ቀኝ እግር ሲራመድ የሚወዛወዘው ግራ እጅ ነውና፣ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ዱላውም አብሮ ይነካል፣ ክብደቱንም ይጋራዋል። አንተ ያን ዱላ አንድ ቀን ሞክረህ "ይብሱን ያደናቅፈኛል" ብለህ በር ኋላ ያቆምከው በቀኝ እጅህ ስለያዝከው ነው። ሕመሙ ያለው ቀኝ ጉልበትህ ላይ ነው። ጥፋቱ የዱላው አልነበረም፣ ያንተም አልነበረም። የነገረህ ሰው የለም። "ያዝ፣ ያዝ" እያልኩ የጨቀጨቅኩህ እኔም አላውቅም ነበር።

ዱላ የሽማግሌ ነው እንዳትለኝ። አንደኛ፣ እኔም ይዣለሁ። ሁለተኛ፣ ካፒቴን ቶም ሙር የሚባሉት እንግሊዛዊ የቀድሞ ወታደር እ.ኤ.አ. በ2020፣ 100 ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ሲቀራቸው፣ የመራመጃ ድጋፋቸውን እየገፉ ግቢያቸውን 100 ጊዜ ተመላልሰውበታል። ያሰቡት 1,000 ፓውንድ ለመሰብሰብ ነበር፤ ከ30 ሚሊዮን በላይ ተሰበሰበ። ድጋፉን በር ኋላ ቢያቆሙት ኖሮ ስማቸውን ማን ይሰማው ነበር?

የጓደኛዬን ዱላዎች መለስኩለትና የራሴን ጥንድ ገዛሁ። አንዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ሌላው እኔ ጋ ነው። ቁመቱ ይስተካከላል፦ ጫማህን አድርገህ ቀጥ ብለህ ቁም፣ እጅህን ወደ ታች ልቀቀው፣ እጀታው የእጅህ አንጓ ጋ መድረስ አለበት። በግራ እጅ። በግራ፣ አባዬ።

በሚቀጥለው ወር ስመጣ ለቀጠሮህ ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድመን እንወጣለን። ከፊት የምትሄደው አንተ ነህ። ስልኬን ቤት እተወዋለሁ።

ጫፉ ላይ ያለችውን ጎማ ግን እንዳትጥላት። ውስጡ ያለው ብረት ሹል ነው፣ ወለል ላይ ያንሸራትታል።

ልጅህ