ለአባቴ፣ ስለ እግርዎ ቁስል

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣
ጎንደር

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እሑድ ዕለት ስንነጋገር፣ አጥሩን ሲያድሱ እንጨት የጫረዎት ቅልጥምዎ መግል መያዙን፣ ብሽሽትዎ ላይም ንፍፊት መውጣቱን ነግረውኝ «ትኩሳት ስለሌለኝ አያሰጋም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እግርዎ ላይ ነው።

ቆዳ ሲላጥ ተህዋስያን ይገባሉ። በቦታው ያሉ ሴሎች በሚለቁት ኬሚካል የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ቁስሉ የሚቀላው፣ የሚሞቀውና የሚያብጠው በዚህ ምክንያት ነው። ነጭ የደም ሴሎችም ከደም ሥር እየሾለኩ ወጥተው ተህዋስያኑን እየዋጡ ይሞታሉ፤ በጨርቅ የሚጠርጉት መግል በአብዛኛው የእነርሱ ሬሳ ነው። ንፍፊቱ ደግሞ ከቁስሉ የተወሰደ የተህዋሲ ቁራሽ የሚመረመርበት ዕጢ ነው፤ ያንን ተህዋሲ የሚያውቀው ሴል እዚያ ተፈልጎ ይገኛል፣ ለቀናትም ይባዛል፣ ዕጢውም በዚሁ ያብጣል።

ሰውነት የተማረውን ለረጅም ዘመን ይይዛል። በልጅነቴ በጣቴ እየነካሁ የምጠይቅዎት የክንድዎ ጠባሳ የፈንጣጣ ክትባት ምልክት ነው። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው፤ ክትባቱ ያስተማራቸው ሴሎች ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሰው ደም ውስጥ ሲገኙ ታይተዋል። ይህን ሳነብ ያ ጠባሳ ዓይኔ ላይ መጣ።

ነገር ግን አባቴ፣ አዲስ ጠላት መማር በእርጅና ይከብዳል። ከደረት አጥንት በስተ ኋላ ያለው፣ ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚሠለጥኑበት ታይመስ የተባለው ዕጢ ከወጣትነት ጀምሮ እየሟሸሸ ይሄዳል። እኔን ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ በሸመገለ ሰው ላይ ከባድ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ እርስዎ መተማመኛ ያደረጉት የትኩሳት አለመኖር ለእኔ መተማመኛ አልሆነኝም። መቅላቱ ወደ ላይ ከተስፋፋ፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ ትንፋሽዎ ከፈጠነ ወይም ነገር ከተምታታብዎት ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም ነገ ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ጤና ጣቢያ ይወስድዎታል፤ እባክዎን እምቢ አይበሉት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዱ ስንት ዓመት እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መከላከያው በጊዜ ብዛት ስለሚደክም መታደስ ሊያስፈልገው ይችላል። ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን አይዋጡ፤ ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘልዎትም ቁስሉ ቢደርቅ እንኳ እስኪያልቅ ይውሰዱት። ማታ እደውላለሁ፤ መቅላቱ እስከ የት እንደደረሰ በእጅዎ ለክተው ይጠብቁኝ።

አክባሪ ልጅዎ