ብቻዬን መቆም አቅቶኝ አይደለም፣ እማዬ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? አባዬስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፍልሽ ከተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ሆኜ ነው። ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። የቴኒስ ጨዋታችንን መሃል ላይ አቁመው ሜዳውን በሸራ ሸፍነውታል። መቼ እንደሚያባራ አይታወቅም። ካለፈው እሁድ ጀምሮ ይዤው የምዞረው ነገር ስላለ ወረቀት አነሳሁ።

እሁድ በስልክ "ከእንግዲህ የነጠላ ውድድር ትቻለሁ፣ ጥንድ ብቻ ነው የምጫወተው" ስልሽ ዝም አልሽ። ከዚያ ቀስ ብለሽ "ብቻህን መቆም አቅቶህ ነው ልጄ?" አልሽኝ። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። "ኧረ አይደለም፣ ደህና ነኝ" ብዬ ዘጋሁት። ጥያቄሽ ግን አብሮኝ አደረ። ትንሹ ወንድሜ ዓይንሽ እንዳይደክም እሱ ያንብብልሽ። (አንተ ደግሞ እየዘለልክ እንዳታነብላት፤ አንድም ሳታስቀር።)

እውነቱን ልንገርሽ። በነጠላ፣ አንድ ለአንድ ስጫወት፣ ስድስት ዓመት ለፍቻለሁ። አሸንፌም አውቃለሁ፣ ብዙ ጊዜ ግን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ጨዋታ እሰናበታለሁ። ጉልበቴ በየወሩ ያብጣል። በረጅም ምልልስ ከመስመሩ ኋላ ሆነው ኳስ እየመለሱ የሚያደክሙ ልጆች አሉ፤ እኔ የነሱ ዓይነት እግር የለኝም። ያለኝ እጅ ነው። መረቡ አጠገብ ስቆም ኳሷ ከተጋጣሚው ራኬት ሳትወጣ ወዴት እንደምትሄድ አያለሁ። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አንድ አሠልጣኝ ጥንድ ስጫወት አይቶኝ "እዚህ ሌላ ሰው ነህ" አለኝ። ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ጥንድ፣ ማለት ሁለት ለሁለት፣ ሲባል ሥራው ለሁለት የተከፈለና የቀለለ ይመስላል። አንቺም እንዲያ ሳይመስልሽ አይቀርም። እስቲ ሜዳውን ላሳይሽ። ለነጠላ ጨዋታ ስፋቱ 8.23 ሜትር ነው። ለጥንድ ሲሆን በግራም በቀኝም 1.37 ሜትር ይጨመርና 10.97 ይሆናል። ርዝመቱ ያው 23.77 ነው። ሰው በእጥፍ ጨመረ፣ ሜዳው ግን የሰፋው በአንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። ባዶ ቦታ የለም ማለት ነው። ኳሷ የምታልፍበትን ቀዳዳ ራሳችን መክፈት አለብን፣ ያውም በቅጽበት። አራት ሰው መረቡ ላይ ተፋጦ ኳስ ሲቀባበል ብታዪ እጃቸውን ተከትለሽ አትደርሺበትም።

ተጣማሪዬ ሰርቪስ (ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት) ሲመታ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው መረቡ ጋ እቆማለሁ። ከመምታቱ በፊት እጄን ወደ ኋላ አድርጌ በጣቴ ምልክት አሳየዋለሁ። ጨበጥኩ ማለት ከቦታዬ አልነቃነቅም። ዘረጋሁ ማለት ተሻግሬ ኳሷን መሃል ላይ እጠልፋታለሁ፣ እሱ የተውኩትን ቦታ ይሸፍናል። አንዳንዴ መሃሉ መስመር ላይ ቁጢጥ እላለሁ፤ ተጋጣሚው ወደ ግራ ልሂድ ወደ ቀኝ ሳያውቅ መመለስ ይኖርበታል። እማዬ፣ ይህን ሳደርግ በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሊደርስ የሚችል ኳስ ከማጅራቴ አጠገብ ያልፋል። ዞሬ አላየውም። የሚመታውን ሰው ካላመኑት እዚያ ቦታ ላይ መቆም አይቻልም።

ስለ እሱ ጠይቀሽኝ ነበር፣ "ማነው ያ ልጅ?" ብለሽ። እንደኔው ከአገሩ የራቀ ነው። ግራኝ ነው። ግራኝና ቀኝ ሲጣመሩ ተጋጣሚዎች የለመዱት ሰርቪስ በየጊዜው ይገለበጥባቸዋል፤ አንዴ ኳሷ ወዲህ ትታጠፋለች፣ አንዴ ወዲያ። ቋንቋችን ይለያያል፣ የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ኳስ መሃል ላይ ስትመጣ ግን እንግሊዝኛ ይረዝማል። ስለዚህ ሁለት የአማርኛ ቃል አስተማርኩት፤ "የኔ" እና "ያንተ"። አሁን በየአገሩ ሜዳ ላይ ጮክ ብሎ "ያንተ!" ይለኛል። ተጋጣሚዎቻችን ምን እንደተባለ አያውቁም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ በሥራ ቦታ በአማርኛ የጠራኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ተጣማሪዬ እንዲህ አልነበረም። ስምንት ወር አብረን ዞርን፣ ከዚያ አንድ ምሽት በስልክ መልእክት "የተሻለ ደረጃ ያለው ሰው አግኝቻለሁ" አለኝና በቃ። በዚህ ሥራ ይህ የተለመደ ነው። ውድድር ለመግባት የሁለታችን ደረጃ ተደምሮ ነው የሚታየው። ደረጃው ግን ለየራሳችን ነው የሚሰጠን። ስለዚህ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ካለ ጥንዱ ይናጋል። ሰዉ ሁሉ ዓይኑ ዝርዝሩ ላይ ነው። ያኔ ሁለት ሳምንት ያህል ራኬት አልጨበጥኩም። ለናንተ አልነገርኳችሁም።

ደጉ ነገር የተለያየ ሁሉ አይወድቅም። ቶድ ዉድብሪጅና ማርክ ዉድፎርድ የሚባሉ አውስትራሊያውያን ነበሩ። አብረው 11 ግራንድ ስላም (ከዓመቱ አራት ታላላቅ ውድድሮች የሚገኝ ዋንጫ) ወሰዱ፣ በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ወርቅ አገኙ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ዉድፎርድ በ2000 ሲያቆም ዉድብሪጅ ከስዊድናዊው ዮናስ ቢዮርክማን ጋር ተጣምሮ ሌላ አምስት ጨመረ። የአሜሪካዎቹ መንትዮች የቦብና የማይክ ብራያን ታሪክ ደግሞ ይገርመኛል። 16 ግራንድ ስላም፣ በጠቅላላው 119 ዋንጫ አብረው አንስተዋል። በ2018 ግራኙ ቦብ ዳሌው ተጎድቶ ከሜዳ ወጣ። ማይክ ከሌላ ሰው ጋር ተጣምሮ በዚያው ዓመት ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ሁለቱን፣ ዊምብልደንንና የአሜሪካን ኦፕንን፣ አሸነፈ። ቦብ ዳሌው ውስጥ ብረት ገብቶለት ሲመለስ ማይክ ወደ ወንድሙ ተመለሰ። ሌላ ዋንጫ የሚያመጣለት ሰው እያለ ማለት ነው። ወንድሜ፣ ይህችን ሁለት ጊዜ አንብባት።

ስለ ገንዘቡ አልዋሽሽም። አባዬም እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። በ2024 ዊምብልደን የነጠላው አሸናፊ 2,700,000 ፓውንድ ወስዷል። የጥንዱ አሸናፊዎች 650,000 ፓውንድ፣ እሱንም ለሁለት ተካፍለው። ይህ ጫፉ ላይ ነው። እኛ ያለንበት እርከን ላይ ሳምንቱን ሙሉ አሸንፈን የምናገኘው አንዳንዴ ለአውሮፕላንና ለማደሪያ ብቻ ይበቃል። አንድ ክፍል ለሁለት እንይዛለን። የራኬቴን ክር ራሴ እወጥራለሁ፣ ለሌሎችም ወጥሬ ትንሽ አገኛለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የነጠላ ተጫዋቾች በነጠላ ደረጃቸው ጥንድ ውድድር መግባት ይፈቀድላቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ይህን ብቻ የሠራው ሰው ደጅ ይቀራል። ከገቡት አንዳንዶቹም ነጠላው ሲቀናቸው ጥንዱን ጥለው ይወጣሉ።

ለዚህ ነው ባለፈው ዓመት፣ በ2025፣ የአሜሪካን ኦፕን ድብልቅ ጥንድ ያን ያህል የነካኝ። አዘጋጆቹ የወንድና የሴት ድብልቁን ከዋናው ውድድር ሳምንት ቀደም አድርገው 16 ጥንድ ብቻ አስገቡ። አብዛኞቹ ታላላቅ የነጠላ ኮከቦች ናቸው። ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር። የጥንድ ተጫዋቾች ከዚያ በፊት ስንት ተጫውተው ያላዩት ገንዘብ ነው፣ ሲመጣ ግን እነሱ ተገፉ። ከጥንድ ባለሙያዎቹ መካከል የገቡት የቀደመው ዓመት አሸናፊዎች ጣሊያናውያኑ ሳራ ኤራኒና አንድሬያ ቫቫሶሪ ነበሩ። አሠራሩን ቀድመው በግልጽ ተቃውመውታል። ከዚያ ሜዳ ገብተው አንድ በአንድ አሸነፉ። በፍጻሜው ኢጋ ሽቪዮንቴክንና ካስፐር ሩድን ረቱ። ኤራኒ አጭር ናት፣ ሰርቪሷም ቀስ ያለ ነው። ግን የት መቆም እንዳለባት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሲያልቅ እኔና ተጣማሪዬ ሆቴል ክፍላችን ውስጥ ተቃቅፈን ጮህን።

ዕድሜህ ሄደ ትይኝ ይሆናል። 29 ዓመት ለነጠላ ብዙ ነው፣ ለጥንድ ግን ገና ነው። ህንዳዊው ሮሃን ቦፓና ጉልበቱ እንደኔው ያለቀ ሰው ነው። በ2024 ከማቲው ኤብደን ጋር የአውስትራሊያ ኦፕንን ሲያሸንፍ 43 ዓመቱ ነበር። ከዚያም ወዲያው ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም አንደኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ዊምብልደንን የወሰደው ፊንላንዳዊው ሃሪ ሄሊዮቫራ ደግሞ በጉዳት ምክንያት ቴኒስ ትቶ ሄልሲንኪ አየር ማረፊያ ተቀጥሮ ሲሠራ የነበረ ነው። ተጣማሪው ሄንሪ ፓተን ከዓመታት በፊት እዚያው ዊምብልደን ሜዳ ዳር ተቀምጦ የሌሎችን ጨዋታ አኃዝ ይመዘግብ ነበር። በፍጻሜው ሦስት ጊዜ ለመሸነፍ አንድ ነጥብ ቀርቷቸው ተርፈው ነው ያሸነፉት። አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣዬን ስጎትት የዚህ ሰው ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ከሁሉም በላይ ግን ልነግርሽ የፈለግሁት ስለ ማርቲና ናቭራቲሎቫ ነው። በ1975 ከቼኮስሎቫኪያ ወጥታ አሜሪካ ቀረች። 18 ዓመቷ ነበር። መንግሥቷ በሩን ዘጋባት፣ ቤተሰቧን ማየት አልቻለችም። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1979 እናቷ ዊምብልደን መጥታ እንድታያት ተፈቀደላት። ያን ዓመት ማርቲና ነጠላውን አሸነፈች። ጥንዱንም ከቢሊ ጂን ኪንግ ጋር አሸነፈች፤ ለኪንግ 20ኛ የዊምብልደን ዋንጫዋ ነበር። ያ ሁሉ በእናቷ ዓይን ፊት።

ናቭራቲሎቫ በነጠላ የዓለም ቁንጮ ነበረች። እንደ እሷ ያለ ሰው "ብቻዋን መቆም አቃታት" ሊባል አይችልም። ጥንድ ግን አልተወችም። ከፓም ሽራይቨር ጋር ከ1983 እስከ 1985 ድረስ 109 ጨዋታ በተከታታይ ሳይሸነፉ ቆዩ። አብረው 20 ግራንድ ስላም ወሰዱ። ነጠላው ካለፈ በኋላም ጥንዱ እጇን ይዞ አቆያት። የመጨረሻውን ግራንድ ስላም በ2006 በድብልቅ ጥንድ ስታነሳ፣ ከዚያው ከቦብ ብራያን ጋር፣ 50 ሊሞላት አንድ ወር ገደማ ነበር የቀራት። የ1979ኙን ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ወንበር ይታየኛል። አንቺ የምትቀመጪበት። አንድ ቀን ቪዛውም ገንዘቡም ሲሳካ አመጣሻለሁ፣ እማዬ። እስከዚያ ጤናሽን ጠብቂልኝ።

ነጠላ ስጫወት ስሸነፍ ማንም አያየኝም ነበር። ቀጥታ ወደ ክፍሌ ገብቼ በር እዘጋለሁ። አሁን ስሸነፍ ሌላም የተሸነፈ ሰው አጠገቤ አለ። እሱ ኳስ ሲያበላሽ "ይሁን" እላለሁ፣ እኔ ሳበላሽ ራኬቱን ከራኬቴ ጋር ነካ ያደርገዋል። ከነጥብ ወደ ነጥብ ሁሉ ተጠግተን እንነጋገራለን፣ አፋችንን በኳስ ሸፍነን። የምንለው ብዙ ጊዜ ምንም ስልት የለውም። "ተንፍስ" ነው የምንባባለው።

ዝናቡ እያባራ ነው መሰለኝ። ሸራውን የሚያነሱት ልጆች ሲሯሯጡ በመስኮት ይታዩኛል። ያለንበትን ልንገርሽ። አንድ አንድ ዙር ወስደናል። በእኛ ጨዋታ ከግራንድ ስላሞች በቀር ሙሉ ሦስተኛ ዙር የለም፤ በሁለት ነጥብ ልዩነት ቀድሞ 10 የደረሰ ያሸንፋል። ከ2006 ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። መጀመሪያ ጨካኝ ሕግ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። 4 ለ4 ላይ ነው የቆምነው።

አባዬን እጅ ንሺልኝ። ወንድሜ ራኬቱን ፀሐይ ላይ እንዳይተወው፣ ክሩ ይላላበታል። እሁድ በተለመደው ሰዓት እደውላለሁ።

ተጣማሪዬ በሩ ላይ ቆሞ እየጠራኝ ነው። ሰርቪሱ የሱ ነው፣ እኔ መረቡ ጋ ነኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ