«1972» ብቻ አይበቃም

ውድ አዘጋጅ፣

ያረፉ አትሌቶችን ስታስታውሱ ዓመተ ምሕረቱ እየተምታታባችሁ ነው። የሻምበል ምሩፅ ይፍጠርን ታሪክ እንውሰድ። «1972» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ በእኛ አቆጣጠር የሞስኮ፣ በአውሮፓ ደግሞ የሙኒክ ኦሊምፒክ ዓመት ስለሆነ፣ የሙኒኩ የ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ከሞስኮዎቹ ሁለት ወርቆች ጋር ይደባለቃል። ሙኒክ 1964 ዓ.ም. ነው። በሞስኮ 10 ሺውን ሐምሌ 20፣ 5 ሺውን ሐምሌ 25 ቀን 1972 ዓ.ም. አሸነፉ። በመካከሉ በሞንትሪያል ኦሊምፒክ የሌሉት በአፍሪካ አገሮች አድማ ምክንያት ነው፤ ይህን መዝለል አንባቢን ያሳስታል።

ያረፉት ቶሮንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 2016 ነው። ጸሐፊው በልማድ 8 ቀንሶ 2008 ይላል። 8 የሚቀነሰው ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ግን 7። ወሩን «ታኅሣሥ» ብሎ ቀኑን ሳይቀይሩ 22 ማለት ደግሞ ዘጠኝ ቀን ያዛባል (ይህኛው በጣም የተለመደ ነው)። ትክክሉ ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው።

የልደት ዓመታቸው እንደየመዝገቡ ስለሚለያይ ዕድሜያቸውን በእርግጠኝነት ባትጽፉ ይሻላል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢ